ብርድ ሦስት ወር አይቆይም

«ብርድ ነው ዶክተር፤ አገሩ ደብረ ብርሃን አይደል!» ይቺን ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማት መቁጠር ትቻለሁ። እሺ፣ ይበርዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ግን ጉንፋን ያመጣው ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አክታ የሌለው፣ ከ8 ሳምንት በላይ የቆየ ደረቅ ሳል ብርድ አይባልም። በፌጦና በአረቄም አይድንም።

ከኋላው ሊኖሩ ከሚችሉት አንዱ የሳንባ ጠባሳ ነው፤ እኛ ፐልሞነሪ ፋይብሮሲስ የምንለው። የሳንባው ስስ ግድግዳ ይወፍርና ይደርቃል። ኦክስጅን ወደ ደም ለማለፍ ይቸገራል። ጠባሳ የሆነው ወደ ድሮው አይመለስም። ቶሎ ኑ እያልኩ የምነዘንዘው ለዚህ ነው።

«ዳገቱ ነው፤ እርጅናም አለ»

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። አንድ የመንዝ አባት ልጃቸው ጎትቶ አመጣቸው። «ደህና ነኝ፤ ልጁ ያካብዳል» አሉኝ። ልጁን ለብቻው ጠየቅኩት። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። አምና ሳይቆሙ ይወጡት ነበር። ዘንድሮ ሦስት ቦታ ይቆማሉ። ደከመኝ ግን አይሉም። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ቀጥሎ ጫማቸውን። ቀጥሎ ያገኙትን ሰው ይዘው ሰላምታ ያስረዝማሉ። ሩቅ ለቅሶ መሄድም ትተዋል።

ጀርባቸው ላይ ማዳመጫ አሳረፍኩ። «በረዥሙ ይሳቡ አባባ።» ከታች፣ በሁለቱም በኩል፣ አየር ሲገባ ይንጣጣል። የልጆች ጫማ ተጣባቂ ማሰሪያ ሲላቀቅ የሚሰማውን ድምፅ አስቡት። እጃቸውን አየሁ። የጣቶቻቸው ጫፍ አብጦ ጥፍሮቻቸው እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎብጠዋል። «የእርፍ ጣት ነው» ብለው ሳቁ። እርፍ መዳፍ ያሻክራል እንጂ ጥፍር አያጎብጥም። (እንዲህ ያለ ጣት የሌላ የሳንባና የልብ በሽታ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ብቻ ካያችሁት አትለፉት።)

ተራራው እንደሆነ አምናም እዚያው ነበር። ዕድሜ ልክ የኖሩበት ከፍታ ድንገት ዘንድሮ ትንፋሽ አያሳጥርም። እርጅናም እርምጃ ያዘገያል እንጂ በወራት ውስጥ እየባሰ ቁና ቁና አያስተነፍስም። እንዲያውም ዕድሜ ጥርጣሬዬን ይጨምረዋል። መንስኤው የማይታወቀው ዓይነት በብዛት የሚይዘው 60 ዓመት ያለፋቸውን ነው፤ ወንዶችን ደግሞ ይበልጥ።

«ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም»

ሲጋራ ጠባሳውን ከሚያመጡት አንዱ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ድንጋይ ስትጠርብ አቧራውን ስንት ዓመት ሳብከው? ላም ያለው ሰው ደግሞ የሻገተ ድርቆሽ ያገላብጣል። ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። «ምች መታኝ» ይላል። ምቹ ድርቆሽ ባገላበጠ ቁጥር ከመጣ፣ ሳንባው ሻጋታውን እየተቆጣ ነው። ይህ ሲደጋገም ጠባሳ ይተዋል። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሪህ ሳንባቸው ላይ ጠባሳ የሚተውባቸውም አሉ። አሚዮዳሮንን (ለልብ ምት የሚሰጥ) እና ሜቶትሬክሴትን (ለዚሁ ሪህ የሚሰጥ) የመሳሰሉ መድኃኒቶችም አልፎ አልፎ ያመጡታል። ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! መጥታችሁ ጠይቁ።

«ራጅ ተነሳሁ፤ ንፁህ ነው»

መጀመሪያ ላይ ራጅ ሊያመልጠው ይችላል። አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

«ኦክስጅኔ ተለክቶ ደህና ነው»

ተቀምጣችሁ ነው የተለካችሁት? አስኪዱኝና ለኩኝ በሉ። መጀመሪያ የሚወርደው ስትንቀሳቀሱ ነው።

«ቲቢ ነው»

ሊሆን ይችላል። አክታ ይመርመር። ግን ቲቢው በምርመራ ሳይረጋገጥ የ6 ወር መድኃኒት ጨርሶ ሳሉ ያልለቀቀው ሰው አይቻለሁ።

«ይተላለፋል»

ቲቢ ይተላለፋል፤ የሳንባ ጠባሳ ግን አይተላለፍም። ጠባሳ ከሆነ የእናታችሁን ስኒ አትለዩ።

«ከሆነም መድኃኒት የለውም»

የሚያድን የለም። የሚያዘገይ ግን አለ፤ ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ ይባላሉ። ዋጋቸው ይከብዳል፣ እንደልብም አይገኙም። መንስኤው ድርቆሹ ወይም ለሌላ በሽታ የምትወስዱት መድኃኒት ከሆነ ግን ከሱ መራቅ ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው።

ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። የሠራችሁትን ሥራ ሁሉ ንገሩኝ፣ የድሮውንም። ዳገት አብሯችሁ የሚወጣ ሰውም አስከትሉ። እናንተማ ጋቢዬን ላስተካክል ብዬ ነው ትሉኛላችሁ።