ኤሌክትሪክ የሚያግድ ሴራሚክ ባትሪ ውስጥ ምን ይሠራል?

ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «የመስመር ምሰሶ ላይ ያለው ስኒ ሴራሚክ የሆነው ኤሌክትሪክ እንዲያግድ ነው። ታዲያ የሶዲየም ባትሪ ውስጥ ሴራሚክ ለምን ይገባል?» ግሩም ጥያቄ ነው።

ቁልፉ የሚያልፈውን ነገር መለየት ነው። በሽቦ የሚጓዘው ኤሌክትሮን ነው። ቤታ አሉሚና የሚባለው ሴራሚክ ኤሌክትሮንን ያግዳል፤ በንብርብሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ግን የሶዲየም አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጣ የሶዲየም አቶም፣ ያልፋል። «ጠጣር ኤሌክትሮላይት» የሚባለው ይኸው ነው።

በሶዲየም-ሰልፈር ባትሪ ውስጥ የዚህ ሴራሚክ ቱቦ የቀለጠውን ሶዲየም ከቀለጠው ሰልፈር ይለያል። አዮኑ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ መንገድ ስለሚያጣ በውጪው ሽቦ ይዞራል። አምፖል የሚያበራው፣ ሞተር የሚያሽከረክረው ያ ዙር ነው። ሴራሚኩ ኤሌክትሮንም ቢያሳልፍ ኖሮ ባትሪው ኃይሉን እዚያው ውስጡ በጨረሰ ነበር።

ሶዲየም በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ባትሪው ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ አዮኑ በፍጥነት እንዲያልፍ፣ የሰልፈሩም ውህዶች ፈሳሽ ሆነው እንዲቆዩ ነው። ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ የተገኘውን ናሲኮን የተባለ ሴራሚክ የሚፈትኑት ሙቀቱን ለመቀነስ ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ሶዲየሙና ሰልፈሩ በኃይል ስለሚዋሃዱ፣ ይህ ባትሪ ለመኖሪያ ቤት ሳይሆን ጥበቃ ለሚደረግለት የኃይል ማከማቻ ጣቢያ ይስማማል።