«ኮንቴይነሩን ከገዛሁ ግማሹን ጨረስኩ»፦ ስለ ኮንቴይነር ቤት በጀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ፣ ከአያት ጀርባ እስከ ሰበታ፣ ኮንቴይነር አስቆርጦ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም መኖሪያ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ኮንቴይነሩ ስንት ይሸጣል?» ዋጋውን ከደላላ ይሰማል፣ በሁለት ያባዛል፣ በጀት ያዝኩ ይላል። ሰኔ ሲገባ ግማሹ የተቆረጠ፣ መስኮቱ ላይ ላስቲክ የተወጠረበት ብረት ጭቃ ላይ ቆሞ ይታያል። እዚህ የብር ዋጋ አንጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብረት ዋጋ ተጽፎ ሳይነበብ ይቀየራል። የዕቃው መጠን ግን አይቀየርም፤ በጀትም መያዝ ያለበት በመጠን ነው።

«ኮንቴይነሩን ከገዛሁ ግማሹን ጨረስኩ»

አልጨረሱም። የገዙት ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ግድግዳ፣ አራት የማዕዘን ምሰሶ እና 28 ሚሊሜትር የፕላይውድ ወለል ነው። ቀሪውን ቁጭ ብለው ይቁጠሩት። ባለ 40 ፊት (ጫማ) ከፍ ያለውን፣ ሃይ ኪዩብ የሚባለውን እንውሰድ። ውስጡ 12.03 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ወርድ፣ 2.69 ከፍታ አለው። የግድግዳው ዙሪያ 28.76 ሜትር ስለሚሆን ግድግዳው 77 ካሬ፣ ኮርኒሱ 28 ካሬ ይወጣዋል። በድምሩ 105 ካሬ ሜትር የሚለበስ ብረት ይጠብቅዎታል።

ይህን ለማልበስ በየ60 ሳንቲሜትሩ የሚቆም የአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ፍሬም ያስፈልጋል። 48 ቋሚ፣ ላይና ታች የሚዞር 58 ሜትር፣ ለኮርኒሱ 20 አግዳሚ። አርኤችኤስ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። ከአንድ ዘንግ ሁለት ቋሚ ብቻ ይወጣል፤ የቀረው 60 ሳንቲሜትር ቁራጭ ነው። ጠቅላላውን ሜትር ለ6 አካፍለው 40 ዘንግ የሚገዙ ሰዎች ሥራው መሃል ላይ የሚጎድልባቸው ለዚህ ነው። ትክክለኛው 44 ዘንግ ነው። 1.20 በ2.40 የሆነ ጂፕሰም ቦርድ ከነብክነቱ 40፣ 1 በ2 ሜትር የሆነው፣ ብርድና ሙቀት የሚከላከለው ነጩ ፎም ደግሞ ከ55 በላይ ይፈልጋል። ለመስኮትና ለበር የሚቀነሰውን አትቀንሱ፤ ከዚያ የሚወጣው ቁራጭ አብዛኛው ሌላ ቦታ አይገጥምም።

ገና መስኮት አልቆረጥንም፣ መብራት አልሳብንም፣ መሠረት አልቆፈርንም። ኮንቴይነሩ ከጠቅላላው ወጪ ስንት እጅ እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ተዘርዝሮ ሲያልቅ እንጂ በደላላ ስልክ አይደለም።

ሌላም አለ። 5 ሳንቲሜትር ፎምና 12 ሚሊሜትር ቦርድ ከሁለቱም ወገን ሲገባ 2.35 የነበረው ወርድ ወደ 2.22 ይወርዳል። «28 ካሬ ቤት አለኝ» የሚለው ሰው በተጨባጭ ያለው 26 ካሬ ገደማ ነው። የካሬ ዋጋ ከብሎኬት ቤት ጋር የሚያወዳድር ሰው በዚህኛው ያካፍል። የቁምሳጥንና የአልጋ ልክም ፎሙ ከገባ በኋላ ነው የሚወሰደው።

«መስኮት መቁረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው»

መቁረጡ አዎ፣ ግማሽ ቀንም አይፈጅ። ወጪው ያለው መልሶ ማጠናከሩ ላይ ነው። የኮንቴይነር ጎን ግድግዳ ጭነት የሚሸከም አካል ነው፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ በአራት ማዕዘኑ ብቻ ቢቆም እንኳ አይጎብጥም። 3 ሜትር ከፍተው የሱቅ በር ሲያወጡለት ግን የላይኛው አግዳሚ መርገብ ይጀምራል። ዛሬ አይታይም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተንሸራታቹ በር እምቢ ሲል ይታያል። ለ3 ሜትር ክፍተት ሁለት ቋሚ እና አንድ የላይ ተሸካሚ በትንሹ ሁለት ዘንግ ወፍራም አርኤችኤስ ይበላል። ውፍረቱን በያጁ በዓይኑ አይወስንም፤ መሐንዲስ ያስላው። የስሌቱ ክፍያ በሩን አውልቆ እንደገና ከመሥራት ያንሳል።

1.20 በ1.20 የሆነ መስኮት ዙሪያው 4.80 ሜትር ነው፤ ለአንድ መስኮት አንድ ዘንግ ይያዙ። ቋሚው መቁረጫ መስመር ላሜራው ጠፍጣፋ በሆነበት ላይ ይረፍ፣ በእጥፋቱ ተዳፋት ላይ አይሁን። ተዳፋቱ ላይ ከተቆረጠ ፍሬሙና ግድግዳው አይገናኙም፤ ክፍተቱ በቁራጭ ላሜራና በሲሊኮን ይደፈናል፣ ሲሊኮኑም በፀሐይ ደርቆ ይላቀቃል። መስኮቱን አምስት ሳንቲሜትር ወደ ጎን መግፋት ምንም አያስከፍልም።

ብየዳው ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ከተሳበ ቀጭኑ ላሜራ ይጣመማል። ሦስት ሳንቲሜትር በይዶ፣ ዘልሎ፣ ከሌላው ወገን መጥቶ መሙላት ነው። ብየዳው ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ይቃጠላል፤ በግራይንደር ተጠርጎ በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ካልተቀባ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። በበጀቱ ላይ «ብየዳ» ተብሎ አንድ መስመር የሚጻፈው ሥራ እንግዲህ ኤሌክትሮድ፣ የመቁረጫና የመሞረጃ ዲስክ፣ አንቲረስት፣ ሲሊኮን እና የጄኔሬተር ናፍጣ አለበት። ዳር አካባቢ ያለው ነጠላ መስመር ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ የብየዳ ማሽን አይችልልዎትም፤ ጎረቤትም ያስለቅሳል።

«ቀላል ስለሆነ መሠረት አይፈልግም፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል»

ከቃሊቲና አቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው አብዛኛው መሬት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይወርዳል። ባዶ ኮንቴይነር ከ4 ቶን አይበልጥም፤ ቅለቱም ነው ችግሩ፣ ያበጠው አፈር በቀላሉ ያነሣዋል። ከዚያም እኩል አያነሣውም፤ አንዱ ማዕዘን ከፍ ሲል በር አይዘጋም፣ ጂፕሰሙ ይሰነጠቃል፣ የፍሳሽ ቱቦው ተዳፋቱን ያጣል።

ለተቆራረጠ ባለ 40 ፊት ስድስት ምሰሶ ይያዙ፤ አራት በማዕዘን፣ ሁለት በመሃል። እያንዳንዱ ጉድጓድ 1.20 በ1.20፣ ጥልቀቱ 1.50 ቢሆን የሚወጣው አፈር 13 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲፈታ ስለሚጨምር አንድ ሙሉ ሲኖትራክ ይሞላል። ይህ አፈር ተመልሶ አይገባም፤ የሚሞላው ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ሌላ የማያብጥ ሙሌት እየተጠቀጠቀ ነው። ለእሱም ሌላ መኪና። 80 በ80 የሆነ፣ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው መቀመጫ፣ በላዩ 40 በ40 የሆነ ምሰሶ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ብቅ ብሎ ሲሞላ 2.7 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል። ሲሚንቶው 10 ኩንታል ገደማ ነው፤ ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠሩ ለብቻ። ጥቁሩ አፈር ከ1.50 በታችም ከቀጠለ መሐንዲሱ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት አንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ ማየት ነው።

ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ከፍ ማለቱን እንደ ቅንጦት የሚያዩ አሉ። የመጸዳጃው 110 ሚሊሜትር ቱቦ በዚያ ነው የሚያልፈው። ወለሉ ሥር በየ30 ሳንቲሜትሩ ገደማ አግዳሚ ብረት አለ፤ የመጸዳጃውን ቦታ ከመወሰናችሁ በፊት ሰው ሥሩ ገብቶ ይለካ። አንድ አግዳሚ ከተቆረጠ እሱም ተጨማሪ ብየዳ ነው።

«አዲስ አበባ ስለማይሞቅ ፎም ብክነት ነው»

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ላሜራው ይቀዘቅዛል፣ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ብረቱ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ንጋት ላይ ፍራሽ ላይ ይንጠባጠባል። ፎሙን ቀንሶ ጂፕሰም ብቻ የሚያስገባ ሰው ጂፕሰሙን ከጀርባ ሻጋታ ይበላበታል። በቦርዱና በፎሙ መሃል ላስቲክ ይዘርጉ፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ነው።

«ጣሪያ አለው፣ ቆርቆሮ ለምን?»

ጣሪያው ያልተቆረጠና ያልጎደጎደ ከሆነ አያፈስም። ሠራተኛ ከተራመደበት ግን ይጎደጉዳል፣ ውኃ ያቁራል፣ ይዝጋል። 30 ሳንቲሜትር አየር ትቶ 13 በ3.50 የሆነ ቆርቆሮ ቢደረግ 45 ካሬ ነው፤ የበረዶውን ጩኸትም የቀትሩን ግለትም ይቀንሳል።

«ጋራዥ ውስጥ አስጨርሶ ማምጣት ይረክሳል»

የሚረክሰው ብየዳው ብቻ ነው። ጂፕሰምና ሴራሚክ የተገጠመለት ኮንቴይነር በኮረኮንች ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ክሬን ላይ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፦ 25 ቶን የተባለ ክሬን 25 ቶን የሚያነሣው ክንዱን ሳይዘረጋ ነው። መኪናው ግቢ መግባት ካልቻለና ከኮብልስቶኑ ላይ ቆሞ አጥር አሻግሮ የሚያስቀምጥ ከሆነ አቅሙ በብዙ ይቀንሳል፤ ትልቅ ክሬን ይጠራል፣ ዋጋው ይዘላል። ርቀቱን በሜትር ለክተው ለክሬኑ ባለቤት ይንገሩ። ሃይ ኪዩብ ከፍታው 2.90 ነው፤ 1.50 ከፍታ ያለው ተሳቢ ላይ ሲጫን 4.40 ይሆናል፣ የሰፈሩ የመብራት ሽቦ ከዚያ በታች ከሆነ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ግድ ነው። ከባድ መኪና በከተማው ውስጥ የሚከለከልበት ሰዓት ስላለም የሌሊት ጉዞ ሒሳብ ይያዙ። ጥቁር አፈር ላይ በሐምሌ የሚያስገባ መኪና የለም።

«ጊዜያዊ ስለሆነ ፈቃድ አይጠየቅም»

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ ግንባታን ሕንፃ ይለው ነበር። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ደግሞ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ባለው በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። አዲስ አበባ ወረዳ ላይ የተነገረዎትን ይዞ እዚያ መሄድ ዋጋ የለውም።

«ሁለት ባለ 20 ፊት ከአንድ ባለ 40 ይሻላል።» ለጠባብ መንገድ አዎ። ለገንዘብ ግን ስምንት ምሰሶ፣ ሁለት ማንሣትና መሃል ላይ የሚያፈስ መጋጠሚያ ነው።

«አሮጌ ሁሉ አንድ ነው።» ውስጡ ገብተው በሩን ይዝጉ፤ ብርሃን ካዩ ቀዳዳ ነው። የማዕዘን ምሰሶው የተጣመመ ከሆነ ይተዉት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ፤ ዕቃ ጭኖ በጊዜያዊነት የገባ ኮንቴይነር ቀረጡ ሳይከፈል ከተሸጠ ጣጣው የገዢው ነው። ወለሉ አብዛኛውን ጊዜ ለመርከብ ጉዞ በፀረ ተባይ የታከመ ስለሆነ ለመኝታ ክፍል ወይ ይቀየር ወይ በኢፖክሲ ይታሸግ።

«ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ይበቃል»

ለብሎኬት ቤት ምናልባት። እዚህ 20 በመቶ ይያዙ፤ ፕሮፎርማ ከሰጡዎት በኋላ በጥቂት ቀን የሚያበቃ ዋጋ ነው። «ቫት አለው?» ብለው ይጠይቁ፤ 15 በመቶ የጎደለው ፕሮፎርማ ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል። ቅድመ ክፍያውን ለበያጁ በእጁ ከመስጠት ብረቱን፣ ፎሙንና ቦርዱን በመጀመሪያው ሳምንት ራስዎ ገዝተው ግቢ ያስገቡ፤ ለእጅ ሥራው በየደረጃው ይክፈሉ። ከእጅ ዋጋው 10 በመቶ ተይዞ ይቆይ፣ ውሉም ላይ ይጻፍ፦ ፎሙ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ መስኮትና መጋጠሚያ ላይ በጎማ ለ20 ደቂቃ ውኃ ይለቀቃል፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ያያል፣ የረጠበ ቦታ ካለ በያጁ በራሱ ወጪ ይመልሳል።