የሚታይ ሳተላይት ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ፣ ማታ ሰማይ ላይ እንግዳ ብርሃን በታየ ቁጥር ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳተላይት ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔን የሚያበሳጨኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢሳሳትም ቀና ብሎ ማየቱን አልተወም፤ ሁለተኛው ግን በሳይንስ ስም ጥያቄውን ይገድለዋል፣ ብዙ ጊዜም መልሱ ስሕተት ነው።

በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ ከየረር ተራራ በላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ ስለቆየ ደማቅ ብርሃን ሲያስረዱ ሰማሁ። ሳተላይት ነው፤ ሳተላይት እንደሚቆም ማወቅ የፈለገ ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ ይመልከት፤ ሳተላይቱ ባይቆም ኖሮ ዲሹ አብሮት መዞር ነበረበት አሉ። ሰሚው ሁሉ ተስማማ። ክርክሩ ግማሹ ትክክል ስለሆነ ነው ለማረም የሚያስቸግረው።

የዲሹ ነገር እውነት ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ለመዞር ከሚፈጅባት ጋር እኩል ነው። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ከእኛ አንጻር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የናይልሳት ዲሻችን ወደ ምዕራብ፣ የኢትዮሳት ዲሻችን ደግሞ ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ተተክሎ ዓመት ከዓመት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። አስተያየት ሰጪው የዘለሉት ርቀቱን ነው። ከዚያ ርቀት የሚመለሰው ብርሃን በባዶ ዓይን ከሚታየው እጅግ ደካማ ኮከብ እንኳ በአሥሮች እጥፍ የደከመ ነው። የሚቆም ሳተላይት አለ፤ በዓይን የሚታይ ሳተላይትም አለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ እየደመቀ የሚታይ ሳተላይት ግን የለም። የሙያ ባልደረቦቼ እንዳይቆጡ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው የመጋቢትና የመስከረም ወቅቶች ከእነዚህ የሚቆሙ ሳተላይቶች የአንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ገጽ የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ እኛ ሊመልስና ለጥቂት ደቂቃዎች በዓይን እስኪታይ ሊደምቅ ይችላል። ያም ቢሆን ከብዙ ደብዛዛ ኮከቦች መካከል አንዱን ነው የሚመስለው፤ መንደር አያስወጣም።

በዓይን የምናያቸው ሳተላይቶች ዝቅተኞቹ ናቸው፤ ከምድር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብለው የሚዞሩት። እነሱም መብራት አብርተው አይዞሩም። የሚታየው ብርሃን የፀሐይ ነው። ማታ ከለገጣፎ ሆኖ የረርን ያስተዋለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሜዳው ላይ ፀሐይ ጠልቃ ጥላ ሲወርድ የተራራው ጫፍ ለጥቂት ደቂቃዎች ወርቅ እንደመሰለ ይቆያል፤ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ፀሐይዋ ለእሱ ገና አልጠለቀችም። አሁን የረርን በሐሳባችሁ አሳድጉት። ከፍታው 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ጫፉ ለ40 ደቂቃ ያህል ይበራ ነበር። 550 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደግሞ እግርጌው ከጨለመ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የዲሾቹ ሳተላይቶች ከፍታ ላይ ቢደርስ በዓመቱ አብዛኛው ሌሊት የምድር ጥላ ፈጽሞ አይነካውም። ንጋት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫፉ ከሜዳው ቀድሞ ፀሐይ ያገኛል። ልዩነቱ ሳተላይቱ፣ ማለትም የእኛ ተራራ ጫፍ፣ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጡ ነው፤ ስለዚህ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃዎች አቋርጦ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተለውን ነው ማንም ልብ የማይለው። ብርሃኑ የፀሐይ ከሆነ ሰዓት ወሳኝ ነው ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ዝቅተኛ ሳተላይቶች በደንብ የሚታዩት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ እስከ ንጋት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሁሉም በምድር ጥላ ውስጥ ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ያያችሁትን ብርሃን «ሳተላይት ነው» የሚላችሁ ሰው ፀሐይ የት እንዳለች አላሰበም። በአውሮፓ በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ ሳተላይት ሌሊቱን ሙሉ ይታያል የሚል ብታነቡ ለዚያ አገር ትክክል ነው፤ ለንደን ላይ በሰኔ ወር ፀሐይ ከአድማስ በታች ብዙ ስለማትወርድ ዝቅተኛ ሳተላይቶች እኩለ ሌሊትም ይበራሉ። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው፤ ፀሐይ ወደ ታች ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ሌሊታችንም ፈጥኖ ይጨልማል።

ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ያየ ሰው የምድርን ጥላም በዓይኑ ያያል። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በ92 ደቂቃ አንዴ ምድርን ይዞራል፤ ዳር እስከ ዳር 109 ሜትር ስለሆነ በሚገባ ሲያበራ ከቬነስ ጋር ይፎካከራል። ከምዕራብ በኩል ይወጣል፣ ሳይርገበገብና ድምፅ ሳያሰማ ወደ ምሥራቅ ያቀናል፤ ከዚያ ጥርት ባለ ሰማይ መካከል ብርሃኑ ወደ ቀይነት ያደላና በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው «መብራቱን አጠፋ» የሚባለው። ማንም ምንም አላጠፋም፤ ፀሐይ ጠለቀችበት።

ታዲያ የየረሩ ብርሃን ምን ነበር? አንድ ሰዓት ከቆየ ኮከብ ወይም ፕላኔት ነው፤ «ሳይንቀሳቀስ» የተባለውም አጥብቆ ስላልታየ ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ እጅ ተዘርግቶ በሚታይ ጡጫ ሲለካ አንድ ጡጫ ተኩል መሆኑ ነው። ከተራራው ጫፍ ጋር ቢያስተያዩት ወደ ላይ ሲወጣ ባዩት ነበር። በታኅሣሥና በጥር ማታ ከዚያ አቅጣጫ የሚወጣው ሲሪየስ የተባለው ደማቅ ኮከብ አድማስ አካባቢ ሳለ ቀይና አረንጓዴ እየመሰለ ስለሚርገበገብ ብዙ ሰው ያደናግራል። ለቦሌ ሊያርፍ ከሩቅ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላንም የማረፊያ መብራቱን አብርቶ ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል፤ ጎኑን ሲሰጥ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራቱ ያጋልጠዋል።

በመስመር ተሰልፈው የሚሄዱት ብርሃኖች ግን በእርግጥ ሳተላይቶች ናቸው። የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች የመጀመሪያዎቹ 60 በግንቦት 2011 ዓ.ም. አንድ ላይ ወደ ጠፈር ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው በጅምላ ይላካሉ። ሰልፉ የሚታየው በተላኩ ሰሞን ነው፤ ወደ ቋሚ ከፍታቸው እየወጡ ሲሄዱ ይበታተናሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተላከችው የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ 1 ግን 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ስለነበረች፣ ትእዛዝ ይላክላት ከነበረበት ከእንጦጦ ተራራ ላይም ሆኖ በባዶ ዓይን አትታይም ነበር።

ከሰዓቱ ሕግ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ የሚነድ የጠፈር ቁራጭ ነው። ይህ የሚያበራው በራሱ ግለት እንጂ በፀሐይ ስላልሆነ በየትኛውም ሰዓት ሊታይ ይችላል፤ ተሰባብሮ፣ ጭራ አስከትሎ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደ ያለፈውን ነገር በሥራ ላይ ያለ ሳተላይት ነው ያሉ ነበሩ። በሥራ ላይ ያለ ሳተላይት አይነድም።