ጥርስ የወጣለት ኮንዲዩት እና በብሎን የሚጠብቀው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ እና በአካባቢው በኤሌክትሪክ ሙያ ከተሰማሩ የአገሬ ልጆች፣ በተለይም ቀደም ሲል በቧንቧ ሥራ ካለፉት፣ አንድ አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ጥርስ ወጥቶለት የተጠመዘዘ ቱቦ፣ እሱ ቱቦ ነው፤ በብሎን የተያዘው ግን ለዓይን ያህል ነው»። ቱቦ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የብረት ቧንቧ፣ ኮንዲዩትን ነው። አባባሉ ለአዲስ ለማጅ እንደ ትምህርት ሲተላለፍ መስማት ስለሰለቸኝ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ መርጫለሁ።

«ጥርስ ማውጣት ሁልጊዜ የተሻለ ነው።»

ስህተቱ ከመነሻው ነው፤ ሁለቱ ማገናኛዎች፣ በጥርስ የሚጠመዘዘውና በብሎን የሚጠብቀው፣ በዋነኛነት የሚያገለግሉት ሁለት የተለያዩ ቱቦዎችን ነውና። በግማሽ ኢንች መጠን ወፍራሙ የብረት ኮንዲዩት 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል የግድግዳ ውፍረት ሲኖረው፣ ኢ.ኤም.ቲ. የሚባለው ስስ ቱቦ ያለው 1.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ መጠን የሚወጣው የአሜሪካ ጥርስ፣ በአንድ ኢንች 14 ሆኖ፣ ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ስሱን ቱቦ በዳይ (በጥርስ ማውጫ መሣሪያ) ሊያዞር የሚሞክር ሰው እንግዲህ ቱቦውን ይቆርጠዋል እንጂ ጥርስ አያወጣለትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድም ኢ.ኤም.ቲ.ን በሥራ ቦታ ጥርስ ማውጣትን ይከለክላል።

«በብሎን የተያዘ ቱቦ ግራውንድ አይሆንም።»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበት ለማረም አስቸጋሪ ነው። ግራውንድ ማለት ሽቦ ብረት ሲነካ ጅረቱን የሚመልሰው መንገድ ነው። ኮዱ ወፍራሙን ኮንዲዩትም ኢ.ኤም.ቲ.ንም ለመሣሪያዎች ግራውንድ መመለሻነት እኩል ተቀብሏቸዋል። ማገናኛው የተፈቀደ ዓይነት ሆኖ በሚገባ እስከ ጠበቀ ድረስ ጅረቱ በጥርስ ላይ ይለፍ ወይስ በብሎን ጫፍ፣ ጅረት ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ለሚቆርጠው ብሬከር ልዩነት የለውም። ልዩነት የሚያመጣው የመጋጠሚያው ተቃውሞ ነው። ለምሳሌ አንድ የላላ መጋጠሚያ 10 ኦም ቢይዝና ከእሱ ወዲያ ባለ 120 ቮልት ሽቦ የብረት ሳጥን ቢነካ፣ የሚፈሰው ጅረት 12 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር በዚህ መጠን ከቶ አይወርድም፤ መጋጠሚያው ይግላል፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ብረትም ሁሉ ሰው እስኪነካው ድረስ ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ይቆያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቨርጂኒያ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ሠራተኞቹ «የቡና ማሽኑ ይነዝረናል» ብለው ጠሩን። ባለ ሦስት መብራቷ መሞከሪያ ሶኬቱን ትክክል ነው አለች፤ እሷ ግራውንድ መኖሩን እንጂ ጥራቱን አትለካም። ኮርኒሱን ስንከፍት ቱቦን ከቱቦ ከሚያገናኙት ብዙ ካፕሊንጎች መካከል የአንዱ ብሎን በጣት ብቻ ዞሮ ቀርቶ አገኘነው። ካቻቢቴ ይዘን አጠበቅነው፤ ቀጥሎም ማሽኑ ውስጥ የተላጠውን ሽቦ ጠገንነው። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ «አላልኩህም? ብሎን አይታመንም» አለኝ። በዚያው ዓመት ግን በሌላ ሕንፃ ሁለት ጥርስ ብቻ ገብቶ የቀረ የወፍራም ኮንዲዩት ካፕሊንግ ተመሳሳይ ችግር ሲያመጣ፣ «ጥርስ አይታመንም» ሲል አልሰማሁትም።

«ጥርስ ላይ ቴፍሎን ቴፕ መጠቅለል ያጠናክረዋል።»

ይህ የቧንቧ ሠራተኛ ልማድ ነው። ቴፑ ብረት ከብረት እንዳይነካ ስለሚያደርግ የግራውንዱን መንገድ ያበላሻል፤ ዝገት የሚያሰጋ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የተፈቀደ ቅባት አለ።

«ብሎኑን ሲሊኮን ከቀቡት ለውጭ ይሆናል።»

አይሆንም። ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ላይ ኢ.ኤም.ቲ. ዝናብ እንዳያስገባ ተመርምሮ የተፈቀደ፣ በአብዛኛው በዳዶ እየተጨመቀ የሚጠብቅ፣ ማገናኛ ይፈልጋል።

«ጥርስ ካለው ውሃ አይገባም።»

እርጥበት በቱቦው ውስጥ ራሱ ይፈጠራል። ኮዱ በእርጥብ ስፍራ ከመሬት በላይ ያለን ኮንዲዩት ውስጡንም እርጥብ አድርጎ የሚቆጥረው ስለዚህ ነው፤ ሽቦው ለእርጥበት የተፈቀደ ይሁን።

ጥርስ የግድ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የነዳጅ ትነት ዘወትር በሚገኝበት አካባቢ በሥራ ቦታ ጥርስ የሚወጣለት ኮንዲዩት ቢያንስ 5 ሙሉ ጥርስ እንዲገባ ይጠየቃል፤ ውስጥ ፍንዳታ ቢነሳ የሚያመልጠው ጋዝ በጥርሶቹ መካከል ሲያልፍ እንዲቀዘቅዝ ነው። በዚህ ቦታ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ማገናኛን የሚከራከርለት ሰው ካለ፣ ይልቀቀው።

ለተራ ሕንፃ በኢ.ኤም.ቲ. ለሚሠራ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ቱቦው በቀጥታ ይቆረጥ፤ ውስጠኛው ጠርዝ በሪመር ወይም በሞረድ ይለስልስ፣ አለዚያ የሽቦውን ልባስ ይገሽልጠዋል። ቱቦው ካፕሊንጉ ውስጥ ካለው ማቆሚያ እስኪደርስ ይገፋ። ከሳጥኑ 90 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ከዚያም ቢበዛ በየ3 ሜትሩ ይታሰር፤ ቱቦው ካልታሰረ ክብደቱ ብሎኑ ላይ ያርፋል። ብሎኑን በመሣሪያ ማጥበቅ ተገቢ ሲሆን፣ በተለይ ከዚንክ በተጣሉ ርካሽ ማገናኛዎች ላይ ጥርሱ እስኪበላ ድረስ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ሥራውን ትቶ ከመሄድ በፊት ቱቦውን በእጅ ይዞ ለማሽከርከር መሞከር ነው፤ ከዞረ ገና አልጠበቀም።