ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጨዋታው ወደ ጥንት ታሪክ ካዘነበለ ማለቂያ የለውም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ስለ ጠፋ ሥልጣኔ የሚያወራ ቪዲዮ ያሳያል፣ ሌላው ያጣጥለዋል። ይሄኔ ዕድሜ የጠገቡ አንድ ሰው ማኪያቶአቸውን አስቀምጠው «ተዉ እንጂ ልጆች! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ።

ምሳሌው የገጠር ሰው አነጋገር ነው። ምንጭ የወረደች ሴት እንስራዋን የምትደቅነው ከላይ፣ ውሃው ከዐለቱ ሥር ከሚፈልቅበት ነው፤ ዝቅ ብላ ከቀዳች ከብት የረገጠውን ድፍርስ ተሸክማ ትመለሳለች። «ነገር» ደግሞ የሙግት ወግ አለበት። ሽማግሌዎች የወሰን ጠብ ሲዳኙ ማን ማንን እንደ ሰደበ ከመስማታቸው በፊት የወሰኑን ድንጋይ ማን እንደ ተከለ፣ ማን እንደ ነቀለ ይጠይቃሉ።

ብዙ ሰው «ሥር» ሲባል የሚታየው ጥንት ነው፤ ዘመኑ በራቀ መጠን ሥሩን ያገኘ ይመስለዋል። ለእኔ እንዲያ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ከአዳም የሚጀምር ባለጉዳይ «ወደ ጉዳይህ ግባ» ይባላል። ሥር የሚባለው ነገሩ የቆመበት፣ ተኪዶ የሚታይ መሬት ነው።

ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ግርሃም ሃንኮክ ምሳሌውን ጠብቆም ጥሶም አሳይቷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት የምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ነበር። ጽላተ ሙሴን ፍለጋ አክሱም ሄዶ ጠባቂውን መነኩሴ አነጋገረ፤ ወደ ጣና ቂርቆስም ተሻግሮ ካህናቱን ጠየቀ። በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ጽላቱ በግብጽ ኤለፋንታይን ደሴት በኩል መጣ ብሎ ደመደመ። የታሪክ ምሁራን ብዙም አልተቀበሉትም፤ ቢሆንም ሰውየው ምንጩ ድረስ ወርዶ ነበር። ከ1995 ወዲህ ግን ከ12 ሺህ ዓመታት በፊት በታላቅ መቅሠፍት የጠፋ የበረዶ ዘመን ሥልጣኔ ነበረ፣ የተረፉትም ዓለምን አስተማሩ ባይ ሆነ። የዚያ ሥልጣኔ ገል እንኳ አልተገኘም። ማስረጃ ሲጠየቅ ሰሃራና አማዞን፣ ባሕር የዋጠውም ዳርቻ ገና በቅጡ አልተፈተሹም ይላል። ምስክሩን ሁልጊዜ ማንም ከማይደርስበት ይጠራል!

በ2022 ኔትፍሊክስ ሐሳቡን በተከታታይ ፊልም ሲያቀርብለት የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ማኅበር ፊልሙ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንዲመደብ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቀ። ሃንኮክም እኔ ጋዜጠኛ እንጂ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም ባይ ነው።

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ፣ በዲላ መስመር፣ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አሉ። በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ሥፍራ ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መለሰው፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ያህል ይቀድማል። ዕድሜውን ያረዘሙት ተመራማሪዎች ከበረዶ ዘመን መምህር መበደር አላስፈለጋቸውም። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ቱቱ ፈላ ላይ በድንጋይ የተቀረጸውን የሰው ፊት ማየት የሚሻ በጠዋት ተነሥቶ ይሳፈር።