የላፓራስኮፒ ኦፕራሲዮንና የመግቢያ መሣሪያዎቹ አደጋ

ላፓራስኮፒ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ነው። ለሐሞት ጠጠርና ለትርፍ አንጀት ይውላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ታካሚውም ቶሎ ቤቱ ይገባል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሐሞቱ ሲወጣ ነው። ከባድ ከሚባሉት ጉዳቶች ግን ግማሽ ያህሉ የሚደርሱት መሣሪያው ገና ወደ ሆድ ሲገባ ነው።

ካሜራው እስኪገባ ሐኪሙ ውስጡን አያይም። በተለመደው ዘዴ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ የቬረስ መርፌ ይገባል። ሀንጋሪያዊው ያኖሽ ቬረስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነበር። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ደነዝ ዘንግ አለ፤ የሆድን ግድግዳ እንዳለፈ ብቅ ይልና ስለቱን ይከልላል። በመርፌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላና ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ትሮካር ይከተላል፤ መሣሪያው የሚያልፍበት፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው።

ችግሩ ትልቁ ደም ቅዳ ለሁለት የሚከፈለው እዚያው እምብርት አካባቢ፣ አከርካሪው ላይ መሆኑ ነው። በቀጭን ሰው ከቆዳው ብዙም አይርቅም። ደም ቅዳው ከተወጋ ሆድ ወዲያው መከፈት አለበት። ቀድሞ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ደግሞ አንጀቱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው አንዳንድ ሐኪሞች በግራ ጎድን ግርጌ ይገባሉ። ሌሎች ሃሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀውን ዘዴ ይመርጣሉ፤ በጭፍን ከመውጋት እያዩ መክፈት። ይህም ቢሆን አንጀትን ሙሉ በሙሉ አያድንም።

የተበሳ አንጀት ክፋቱ ድምፁን ማጥፋቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። እስከዚያ አዲስ አበባ የታከመው የመንዝ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃንን አልፏል፤ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ መሐል ሜዳ ገብቷል። ትከሻው ሲያመው «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢ ይደርባል። የትከሻው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቀረው ጋዝ ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቃል። እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም የሆድ መነፋት ግን ብርድ አይደለም። የሚችል ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ቢያርፍ ይሻላል። ጤና ጣቢያ ሲሄድም የሆስፒታሉን ወረቀት ይያዝ፤ ጠባሳው ትንሽ ስለሆነ ካልተነገረው ባለሙያው ኦፕራሲዮን መኖሩን ላይጠረጥር ይችላል።