«አንዱን ቅጣው፣ ሌላው አይቶ ይማራል»፦ ከመምህራን ክፍል የማይጠፉ ስሕተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የመምህራንን የክፍል ሥራ ስከታተል ከሁሉ በላይ የሚያታክተኝ ንግግር ይህ በርዕሱ ላይ ያሰፈርሁት ነው። የሚያናድደው ደግሞ ተናጋሪዎቹ የሥነ ልቦና ሊቁን የአልበርት ባንዱራን የማኅበራዊ መማር ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ሰው ሌላውን አይቶ ይማራል የሚለውን፣ በኮሌጅ ተምረው ያለፉ መሆናቸው ነው። አርጩሜውን የሚያጸድቁት በእርሱ ስም ነው!

ባንዱራ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ ይህን አይልም። ሕፃናት አንድ ሰው ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ የሚያሳይ ፊልም ተመለከቱ። አንዳንዶቹ ደብዳቢው ሲሸለም፣ ሌሎቹ ሲቀጣ፣ የቀሩት ምንም ሳይደርስበት ሲቀር አዩ። ቅጣቱን ያዩት ድርጊቱን እምብዛም አልደገሙም። በኋላ ግን «ያያችሁትን ብታሳዩን እንሸልማችኋለን» ሲባሉ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ሁሉም ተምረውት ነበር፤ ቅጣቱ አስደበቃቸው እንጂ አላስረሳቸውም።

ቀጪው መምህርም ራሱ አርአያ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያረፈደ ልጅ በሰልፍ ፊት ተንበርክኮ ሲገረፍ አየሁ። በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ትንንሾቹ «አስተማሪና ተማሪ» ይጫወታሉ። አስተማሪ የሆነችው ልጅ አንድ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጨብጣ፣ የመምህሩን ድምፅ አስመስላ «ተንበርከክ!» ትላለች። ስለ ማርፈድ ያነሳ አንድም ልጅ አልነበረም። ያረፈደውን ለብቻው ጠርታችሁ ምክንያቱን ጠይቁት፤ ውኃ ቀድቶ፣ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሰልፍ ፊት ስም መጥራት ካስፈለገ በሰዓቱ የደረሱትን ጥሩና አመስግኑ።

«ጎበዙ ሰሌዳ ላይ ይሥራ፣ ደካማው ይይ።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። የሥነ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሹንክና ሃንሰን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መቀነስ የከበዳቸው ልጆች መምህር ሲሠራ ከማየት ይልቅ እኩያቸው ሲማር ማየታቸው በራስ መተማመናቸውንም ውጤታቸውንም ይበልጥ ከፍ አድርጎታል። ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ግን ደካማው እንደ እኩያው አይቆጥረውም፤ «እርሱማ ድሮም ጎበዝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትናንት ተቸግሮ ዛሬ የገባውን አስነሡ። ከአሥር ቤት ሲበደር ምን እንደሚያስብ ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሥራ፤ ሲሳሳትም አታቋርጡት።

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ነው ነገሩ ሁሉ።» አይደለም። አብሮ መዋል ብቻውን አያስተምርም፤ ልጁ ልብ ብሎ ማየት፣ ያየውን ማስታወስ፣ ለመሥራት መቻልና መፈለግ አለበት።

«አንድ ለአምስት አደራጅተናል፣ በቃ።» አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲመራ በቡድን ማደራጀት ብቻውን አይበቃም፤ መሪው ሠርቶ ሌሎቹ ከገለበጡ ኩረጃ ነው። መሪው ብዕሩን ያስቀምጥና በቃሉ ያስረዳ፤ የሚጽፉት ሌሎቹ ይሁኑ።